«ፋቲሓ ከቀሩ ደህና ናቸው» ብለን ነበር

አባታችን ከሐኪም ቤት በተመለሱ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ትንሹ ወንድማችን ወደ ጓዳ ገብቶ፣ «አባባ ወደ ቀኝ ብቻ አሰላምተው ጨረሱ» አለን። ደክሟቸው ይሆናል አልነው። እሱ ግን አልተዋጠለትም። «ትናንትም እንደዚሁ ነው። ለውዱእ ውኃ ሳፈስላቸውም ቀኝ እግራቸውን አጥበው በቃኝ ይላሉ» አለ። እናታችን ተቆጣችው። «ልትሰግድ ነው የቆምከው ወይስ የአባትህን ሰላት ልትቆጣጠር?» አለችው። ልጁ አቀርቅሮ ወጣ። ዛሬ መለስ ብለን ስናስበው፣ ከሁላችንም ቀድሞ የአባታችንን ሕመም ያየው ያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር።

ውድ አንባቢያን! የቤታችንን ገመና አደባባይ የምናወጣው ወደን አይደለም። በየቤቱ በስትሮክ ተመትቶ የተኛ አባት ወይም እናት እንዳለ ስለምናውቅ፣ እኛ ያጠፋነውን ሌላው እንዳያጠፋ ብለን ነው።

ሁርሶን ለማያውቅ፣ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ የጥንቱ የጅቡቲ ባቡር ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ያልፍባት የነበረች ትንሽ ከተማ ናት። ብዙው ሰው ስሟን የሚያውቀው በወታደር ማሠልጠኛው ነው። እኛ ግን የምናውቃት በሙቀቷ፣ በግመልና በፍየሏ፣ እንዲሁም በአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሲቀላቀሉ ነው። ያ ሱቅ የአባታችን ነበር። ስኳር፣ ሩዝ፣ ዘይትና ሳሙና ይሸጣሉ። ከሱቁ ይልቅ ግን ስማቸው የሚጠራው በአፎቻው ነበር። በእኛ አገር አፎቻ የምንለው ሰው ሲሞትና ሲዳር የሚሰባሰብ ማኅበር ነው፤ ሌላው አገር እድር ከሚለው ጋር ይቀራረባል። አባታችን ከሃያ ዓመት በላይ የአፎቻው ገንዘብ ያዥ ሆነው ሲኖሩ፣ አንድ ቀን እንኳ አንዲት ብር ጎደለች ተብሎ አያውቅም።

በ2013 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ለፈጅር ሰላት ሲነሡ ማንቆርቆሪያው ከግራ እጃቸው ወደቀ። እናታችን መብራት ስታበራ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሞ፣ ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ አገኘቻቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። ገሚሱ ነፋስ መታቸው፣ ገሚሱ ዓይን ነው አለ። ዱዓም ተደረገ፣ መኪናም ተፈለገ፤ ድሬዳዋ ስንደርስ ግን ረፋድ ሆኖ ነበር። ጭንቅላታቸው በሲቲ ስካን ሲታይ በቀኝ በኩል ያለው የአንጎላቸው ክፍል ደም የሚያደርስለት ቧንቧ ተዘግቶ ተገኘ። የቀኝ አንጎል የግራ አካልን ስለሚያዝ ነው ግራቸው የሰነፈው። ደም ግፊት እንዳለባቸው ከዓመታት በፊት ተነግሯቸው፣ ደህና ሲሆኑ ክኒኑን ትተውት ነበር። ይህን ታሪክ የማያውቅ ቤተሰብ የለምና አናስረዝመው።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ወጡ። ስለ ግፊቱ ክኒን፣ ስለ ጨው፣ ስለ እግራቸው እንቅስቃሴ በሚገባ ተነገረን። ስለ አእምሮአቸው ግን ማንም የጠየቀ የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። ለምን እንጠይቃለን? አንደበታቸው ደህና ነው። ጠያቂ በገባ ቁጥር ፋቲሓን ያለ አንዲት ስህተት ይቀራሉ፤ ያሲንንም አጋምሰው ይሄዳሉ። ሽማግሌዎቹ፣ «አልሐምዱሊላህ! ቁርኣኑን ካልረሱ አእምሮአቸው ሙሉ ነው» ይሉ ነበር። እኛም ይህንኑ ለመጣው ሁሉ ደገምን።

ስህተታችን እዚህ ላይ ነበር። ሰው በስድስትና በሰባት ዓመቱ ቁርኣን ቤት ተቀምጦ፣ ከዚያም ስድሳ ዓመት በቀን አምስት ጊዜ የደጋገመው ነገር በአንጎል ውስጥ ሥር ሰዶ የተተከለ ነው። አንጎል ተጎድቶ ሰው የልጁን ስም መጥራት ቢያቅተው እንኳ፣ የለመደውን ዱዓ፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠርን፣ የሳምንቱን ቀናት ሳይሳሳት ሊያወርድ ይችላል። ሐኪሞች ይህን በየአገሩ ያዩታል። እናም ፋቲሓን መቅራት አላህ ያቆየላቸው ትልቅ ኒዕማ ነው እንጂ፣ ትናንት የተቀበሉትን ገንዘብ የት እንዳስቀመጡት ለማወቃቸው ማስረጃ አይደለም።

ወደ ገንዘቡ መጣን። አባታችን ከመታመማቸው በፊት የመቃብሩን ሥፍራ ለማጠር ከአፎቻው አባላት 12,600 ብር ተሰብስቦ እሳቸው ዘንድ ተቀምጦ ነበር። በሦስተኛው ወር ግንበኛ ተገኘና ሰዎቹ መጡ። አባታችን ሳያቅማሙ፣ «ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ» አሉ። ጸሐፊው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ደንግጠው፣ «ወላሂ አልተቀበልኩም» አሉ። አባታችን ቀኑን፣ የተቀመጡበትን በርጩማ፣ ጸሐፊው የለበሱትን ሽርጥ ሳይቀር ጠቅሰው ተከራከሩ። ሰዎቹ በአክብሮት ተሰናብተው ወጡ። በሳምንቱ ግን ሹክሹክታው ደረሰን። ከሁሉ የከፋውን ያደረግነው እኛው ነን። ያን ማታ ከመካከላችን አንዱ (ማን እንደሆነ እኛ እናውቃለን) ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አባባ፣ በእርጅናዎ ዘመን አያዋርዱን፤ እውነቱን ይንገሩን» አላቸው። ወላጅን «ኡፍ» ማለት እንኳ የተከለከለበት ሃይማኖት ልጆች ነን። አባታችን አልመለሱም። እራታቸውን በልተው ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ግማሹ አልተነካም ነበር፤ አኩርፈው ነው ብለን ዝም አልን።

በማግሥቱ ድሬዳዋ ውስጥ በጤና ሙያ የምትሠራ የአክስታችን ልጅ ልትጠይቃቸው መጣች። ምሳ ቀርቦ አባታችን እንደ ማታው ግማሹን ትተው፣ «ጠገብኩ» ሲሉ፣ ምንም ሳትናገር ሳህኑን ዞር አድርጋ አስቀመጠችላቸው። በግራ የነበረው ወደ ቀኝ መጣ። አባታችን «ለካ አለ» ብለው እስኪያልቅ በሉ። ሁላችንም ዝም አልን። ትንሹ ወንድማችን ብቻ፣ «እኔ አልነገርኳችሁም?» አለ።

እሷ ናት ያስረዳችን። ዓይናቸው ደህና ነው፤ የሚያየውንና የሚያስበውን የሚያከፋፍለው የቀኝ አንጎላቸው ክፍል ስለተጎዳ ግን ግራውን ዓለም የሌለ ያህል ይተውታል። ወደ ግራ አለማሰላመታቸው፣ ግራ እግራቸውን አለማጠባቸው፣ የሳህኑ ግማሽ፣ ሁሉም አንድ በሽታ ነው። ከሁሉ የሚገርመው፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ መታመሙን ራሱ አያውቅም። «አባባ፣ ምን ይሰማዎታል?» ብትሏቸው፣ «ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ» ይሏችኋል፤ አይዋሹም። ከዚያም ያልጠበቅነውን ጠየቀችን፦ «ለመሆኑ የማሰብና የማስታወስ ምርመራ ተደርጎላቸዋል?»

እንዲህ ያለ ምርመራ መኖሩን ያን ቀን ሰማን። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ፣ ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች መካከል በመጀመሪያው ዓመት እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት የማሰብ፣ የማስታወስ ወይም የማተኮር ችግር እንደሚገጥማቸው፣ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ባሰ የመርሳት ሕመም ሊያመራ እንደሚችል ገልጿል። ችግራቸው ቀላል ከሆነው መካከል እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ እንደሚድኑም ይኸው መግለጫ ይናገራል። እግሩ የሚያነክስ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ ሐሳቡ የሚያነክስ ሰው ግን ካልጠየቁት አይታይም። አገሪቱም ስትሮክን ገና በቅርቡ ነው መቁጠር የጀመረችው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት እየዞሩ የአንጎልና የነርቭ ሕመሞችን የመረመሩበት ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እንግዲህ ለሁርሶ ሰው ይህ ነገር አዲስ ቢሆን ምን ይደንቃል?

ድሬዳዋ ወሰድናቸው። ምርመራው መርፌ የለውም፣ ማሽን የለውም፤ አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስና አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ወረቀቱን ያዘጋጁት በካናዳ ሞንትሪያል የሚሠሩት ትውልደ ሊባኖሱ ዶክተር ዚያድ ናስረዲን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሞ በዓለም ተሰራጭቷል። ከ30 ነጥብ ይታረማል፤ በወረቀቱ ደንብ 26ና ከዚያ በላይ ደህና ይባላል። ወረቀቱ ግን የተጻፈው ትምህርት ቤት ገብቶ ላደገ የከተማ ሰው መሆኑን ገና ከመጀመሪያው አየን።

መጀመሪያ የእንስሳት ሥዕል ቀረበ። አንበሳውን ወዲያው አሉ። አውራሪሱን ትኩር ብለው አይተው፣ «ይህን አላህ ይወቀው፤ በእኛ በኩል አልፎ አያውቅም» አሉ። ግመሏ ጋ ሲደርሱ ግን ፊታቸው በራ። «ይህቺ ትታለባለች?» ብለው ባለሙያውን ጠየቁት። ልጁ ሳቀ። እኛ ግን በልባችን፣ አውራሪስን አይቶ የማያውቅ ሰው ስሙን ባይጠራ የጎደለው አእምሮው ነው ወይስ አውራሪሱ? ብለን ነበር።

ቀጥሎ ቀኑን ተጠየቁ። «ሰኞ» አሉ፤ ልክ ነው። «ወሩስ?» ሲባሉ፣ «ረቢዐል አወል» አሉ። ባለሙያው በወረቀቱ ላይ ሊያጠፋባቸው እርሳሱን ሲያነሳ፣ የአክስታችን ልጅ ስልኳን አውጥታ የሒጅራውን አቆጣጠር አሳየችው። ልክ ነበሩ። በአንድ ቤት ሦስት የዘመን አቆጣጠር ባለበት አገር፣ «ዛሬ ስንት ነው?» የሚለው ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ከመቶ ሰባት ሰባት እያሉ እንዲቀንሱ ሲታዘዙ እንደ ባለሱቅነታቸው 93፣ 86፣ 79 ብለው ወረዱና ድንገት ቆመው፣ «ስንት ቀንስ ነበር ያልከኝ?» አሉ። ሂሳቡ አለ፤ ትእዛዙ ግን አመለጠ። አምስት ቃላት ተነግሯቸው በቃላቸው እንዲይዙ ተጠየቁ። በመጀመሪያው እንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ከቃላቱ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው በእኛ አገር የማይታወቅ አበባ ነው፤ ባለሙያው ግን ቤተኛ በሆኑ ቃላት ተክቶ፣ የአክስታችን ልጅ በኦሮምኛ እያነበበችላቸው ነው ያስያዛቸው። በአምስት ደቂቃው ሲጠየቁ አንዱም የለም። ፍንጭ ሲሰጣቸው ሁለቱ መጡ።

ሰዓቱ ላይ ስንደርስ ግን የሁላችንም ልብ ወደቀ። ክብ እንዲሥሉ፣ ቁጥሮቹን እንዲሞሉ፣ ዘንጎቹን አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ እንዲያደርጉ ተነገራቸው። (ይህም ጉድ አለበት፤ እኛ አምስት ሰዓት ስንል የሰዓቱ ዘንግ የሚያመለክተው 11ን ነው።) አባታችን ክቡን ደህና አድርገው ሣሉ። ከዚያ ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ በቀኝ ግማሽ ላይ አጨናንቀው ደረደሯቸው። የግራው ግማሽ ነጭ ሆኖ ቀረ። እርሳሱን አስቀምጠው፣ «ጨረስኩ» አሉ። ያን ማታ የጮኸባቸው ልጃቸው ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

ውጤታቸው ከ30 11 ሆነ። ሐኪሙ ግን፣ «በዚህ ቁጥር አትደንግጡ፤ ቁጥሩም ፍርድ አይደለም» አሉን። ወንፊት መሆኑን አስረዱን። የተጠረጠረውን ይለያል እንጂ በሽታውን አይሰይምም፤ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ደህና ሆኖም ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ እኛን ለብቻችን አስቀምጠው ጠየቁን። ዛሬ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ የሰዎችን ስም ማስታወስ፣ ዕቃ ያስቀመጡበትን ማወቅ፣ ገንዘብ መያዝ፣ አዲስ ነገር መልመድ እንዴት ነው? ተሻለ፣ ያው ነው ወይስ ባሰ? እንዲህ ቤተሰብን የሚጠይቅ መጠይቅ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አለ። ለእኛ ዓይነቱ ሰው ከሰዓትና ከአውራሪስ ይልቅ የሚበጀው ይህ ይመስለናል። ሐኪሙ ሌላም አጣሩ፦ ኀዘንና ድብርት (ስትሮክ ከመታው ሰው ሢሶው ገደማ ይይዘዋል፤ ማስታወስንም ያደክማል)፣ የጆሮና የዓይን ድካም፣ ስኳር፣ እንቅልፍ፣ የሚወስዱት መድኃኒት። አንዱንም ሳይዘሉ ጠየቁ። ሕመሙ በመታበት ሳምንት የተገኘ ውጤት የዘላለም እንዳልሆነ፣ በሦስትና በስድስት ወር መደገም እንዳለበትም ነገሩን።

ለማንበብና ለመጻፍ ላልታደለ ሰው የተዘጋጀ ምርመራ እንዳለ የሰማነው በኋላ ነው። በታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ሥር ባለው በሃይ ወረዳ፣ ተመራማሪዎች እርሳስ የማይፈልግ ፈተና ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል፤ በናይጄሪያም ተሞክሯል። አውራሪስ የለበትም፤ ድልድይ ምን እንደሆነ፣ የመንደሩ መሪ ማን እንደሆነ፣ በአንድ ደቂቃ ስንት እንስሳት መጥራት እንደሚቻል ይጠይቃል። ሥዕል በማሣል ፈንታ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ያሠራል። ለአረጋውያን የመርሳት ሕመም እንጂ ለስትሮክ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። ለስትሮክ ተብሎ የተዘጋጀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ ኦክስፎርድ የወጣው ነው፤ አንደበቱ የተያዘውንና እንደ አባታችን ግራውን የሚተወውን ሰው ሳይበድል እንዲመረምር ታስቦበታል። ሁለቱን ያጣመረ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ የተፈተነ አንድ ወረቀት በየጤና ጣቢያው ቢገኝ ምኞታችን ነው። ወጣት አንባቢዎቻችን በሕክምና ትምህርት ቤት ካላችሁ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ይኸውላችሁ።

ሐኪሙ ለማጽናናት ብለው አንድ ነገር አነሡልን። ባቡሩን ወደ አገራችን ያስገቡት አፄ ምኒልክም በዚሁ ሕመም ነው የተያዙት። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከባዱ ስትሮክ ሰውነታቸውንና አንደበታቸውን ያዘው፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ አገሪቱ በስማቸው በሌሎች ተመራች። ልጅ ኢያሱ ወራሽ ተብለው ቀድሞ በግንቦት 1901 ዓ.ም. መታወጃቸው በጀ እንጂ፣ በእቴጌ ጣይቱና በመኳንንቱ መካከል የነበረው ሽኩቻ ከዚያም በባሰ ነበር። በአሜሪካም ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1919 እንደ አባታችን ግራ ጎናቸው ሲመታ፣ ባለቤታቸው ማን እንደሚያያቸውና የትኛው ወረቀት እንደሚደርሳቸው እየወሰኑ የሥልጣን ዘመናቸው አለቀ። ቤተ መንግሥት ከነሐኪሙ የተቸገረበትን ነገር የሁርሶ አፎቻ ቢቸገርበት አይፈረድበትም።

እቤት እንደደረስን አባታችንን ይቅርታ ጠየቅናቸው። «ለምኑ?» አሉን፤ ረስተውታል። ይህም ከባድ ነበር። ከዚያም የብረት ሣጥናቸውን ቁልፍ እንዲሰጡን ለመንናቸው። እስከዚያ ቀን «አማና ነው፤ ከእኔ እጅ አይወጣም» እያሉ እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚከፍቱት፤ እኛም ክብራቸውን ነክተን አናውቅም። ሰጡን። ሣጥኑ ሁለት ክፍል አለው። በግራው ክፍል ጥግ በመሐረብ የታሰረ 9,400 ብር ተቀምጧል። አባታችን ያን ሣጥን በየቀኑ እየከፈቱ ቀኙን ፈትሸው ሲዘጉ ኖረዋል! ለጸሐፊው ሰጠሁ ያሉትም ውሸት አልነበረም። አንጎል የጎደለውን ትዝታ በሌላ ጊዜ በሆነ ነገር እየጠጋገነ ይሞላዋል፤ ሰውየውም አምኖ ይምላል። ጸሐፊው በዚያ በርጩማ ላይ በዚያ ሽርጥ ከዓመት በፊት ሌላ ገንዘብ ተቀብለው ነበር። የቀረው 3,200 ብር የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፍየል ሸጠን ተካነው።

የአፎቻው ሰዎች ሲነገራቸው አዝነው ገንዘብ ያዥነቱን ለሌላ ሰጡ። አባታችን እንዳይሰማቸው ግን ዛሬም ስብሰባ ሲኖር ከፊት ያስቀምጧቸዋል። ሼኹን ስንጠይቃቸው፣ ገንዘቡን ማስተዳደር ያቃተው ሰው ንብረቱ እንዳይባክን ሌላ እንዲጠብቅለት ማድረግ በፊቅህ የታወቀ መሆኑን፣ ይህም ማዋረድ ሳይሆን ለራሱ ጥበቃ እንደሆነ አስረዱን። ስለ ሰላታቸውም፣ ከኢማም ኋላ እስከሰገዱ ድረስ የረከዓው ቁጥር በኢማሙ ይያዛል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን አንዳችሁ አሰግዷቸው አሉን። ስለ ረመዳን ደግሞ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታስጹሟቸው አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ተለወጠ። የአክስታችን ልጅ እንደመከረችን በሳህናቸው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ሪባን አሠርንላቸው፤ እስከ ቀዩ ድረስ እንዲፈልጉ ነው። በበሩ ግራ መቃንም ላይ ቀይ ቀባን፤ ትከሻቸው መላጡን ተወ። ስናናግራቸው መጀመሪያ ከፊት፣ ቀስ በቀስ ደግሞ በግራቸው እየተቀመጥን አስለመድናቸው። ክኒኑን በሰዓት ከማዘዝ ይልቅ ከሰላት ጋር አያያዝነው፤ አንዱ ከፈጅር በኋላ፣ አንዱ ከዒሻ በኋላ። ሰዓትን የረሳ ሰው አዛንን እንደማይረሳ ያየነው ያኔ ነው። የግፊታቸውን ልክ ትንሹ ወንድማችን በደብተር ይጽፋል። ሌላ ስትሮክ ቢደገም ያተረፍነውን ሁሉ ስለሚወስድብን፣ ከማስታወሻው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ደብተር እንደሆነ ሐኪሙ ደጋግመው ነግረውናል። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ለማለት ግን አንደፍርም። ዛሬም ከዘመድ ቤት ሲመለሱ፣ «ይህ ቤት የማን ነው?» የሚሉበት ቀን አለ። እናታችንም በሌሊት እንቅልፍ የላትም፤ የአስታማሚን ድካም የሚመረምር ወረቀት ግን እስካሁን አላየንም።

በስድስተኛው ወር ለድጋሚ ምርመራ ወሰድናቸው። ትንሹ ወንድማችን በግራቸው በኩል ተቀመጠ። ሰዓቱን ሲሥሉ 7ና 8 ወደ ግራው ተሻገሩ፤ የቀሩት አሁንም በቀኝ ተጨናንቀዋል። ከአምስቱ ቃላት አንዱን ያለ ፍንጭ አስታወሱ። ድምሩ ከ30 16 ሆነ። አውራሪሱን አሁንም አላህ ይወቀው አሉት። የግመሏ ሥዕል ሲቀርብላቸው ግን አባታችን ወደ ባለሙያው ቀና ብለው፣ «ይህቺ ባለፈውም እዚሁ ነበረች። አልነገርከኝም፤ ትታለባለች ወይስ አትታለብም?» አሉት።